«የሰፈሩ ገቢ አደገ» ሲባል የማን ገቢ ነው ያደገው?

እሁድ ጠዋት ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪት አካባቢ ፓርኪንግ ፍለጋ የዞረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በየቸርቹ ዙሪያ መኪና ሁለት ረድፍ ሠርቶ ይቆማል። ታርጋውን እዩት፤ ብዙው የሜሪላንድ ነው። ከመኪናው የሚወርዱት ልብሳቸውን በወጉ የተኮሱ ጥቁር አሜሪካውያን አባቶችና ባርኔጣ ያሳመሩ እናቶች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ እዚሁ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ብዙ ነው። አሁን የሚመጡት ለጸሎት ብቻ ነው። ጸሎቱ ሲያልቅ ወደ ሜሪላንድ ይመለሳሉ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ናይንዝ ስትሪት ላይ ሌላ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ታርጋ ይሰለፋል። ይሄኛው የእኛው ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ክትፎ ብሎ የመጣ። እሱም ድሮ እዚሁ ግድም ይኖር ነበር፤ እሱ ባይኖር አጎቱ ይኖር ነበር።

በሁለቱ መሀል ውሻ እያስከተሉ የሚሮጡ፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ የሰኩ ወጣቶች ያልፋሉ። አሁን ሰፈሩ ውስጥ የሚያድሩት እነሱ ናቸው።

ይህ ማብራሪያ ሦስቱ ሰዎች እንዴት ቦታ እንደተለዋወጡ ነው። ዜና ላይ «የሰፈሩ ነዋሪዎች ገቢ በዚህን ያህል አደገ» ሲባል ብዙዎቻችን ነዋሪው ሀብታም የሆነ ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ የሆነው ሌላ ነገር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጄንትሪፊኬሽን የሚሉት ምንድን ነው?

ቃሉን በ1964 ያወጡት ለንደን ይኖሩ የነበሩት የማኅበረሰብ ተመራማሪ ሩት ግላስ ናቸው። ሠርቶ አደር በሚኖርባቸው ሰፈሮች ውስጥ ደህና ገቢ ያላቸው ሰዎች እየገቡ ያረጁ ቤቶችን ሲያድሱ፣ ነባሩም አንድ በአንድ ሲወጣ አዩና ስም ሰጡት። «ጄንትሪ» በድሮዋ እንግሊዝ ከመሳፍንቱ ዝቅ ያለ ባለ መሬት ወገን ነው። ስለዚህ ቃሉ ውስጥ ትንሽ ሽሙጥ አለ። በእኛ አፍ «ባላባት የገባበት ሰፈር» እንደ ማለት ነው።

ቃሉን ለመጠቀም ሦስት ነገር አብሮ መገኘት አለበት። ሰፈሩ ቀድሞ ድሃ የነበረ መሆኑ፣ ገንዘብ መግባቱ፣ ሰውም መለወጡ። መንገድ ስለተነጠፈ ብቻ ጄንትሪፊኬሽን አይባልም። ነባሩ ሰው እዚያው ሆኖ ኑሮው ከተሻሻለም አይባልም። እሱ ዕድገት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሰፈር ሲለወጥ የምናውቀው ምልክት ዶዘር ነው። ደብዳቤ ይመጣል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ቤት ይፈርሳል። ዩ ስትሪት ላይ አብዛኛው ነገር የሆነው ያለ ዶዘር ነው። የጡብ ቤቶቹ እዚያው ቆመዋል። ማንም ለማንም «ውጣ» ብሎ በአዋጅ አልነገረም። ሥራውን የሠራው ዋጋ ነው። ዋጋ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ሲሠራ አይታይም።

ማንም ሀብታም ሳይሆን ገቢ እንዴት ያድጋል?

አሥር ቤት ያለው እድር እናስብ። እያንዳንዱ ቤት በዓመት 30,000 ዶላር ያገኛል። የእድሩ አማካይ ገቢ 30,000 ነው።

ሦስት ቤተሰብ ኪራዩ ከበደውና ወጣ። በቦታቸው እያንዳንዳቸው 150,000 የሚያገኙ ሦስት ገቡ። እንደገና ደምረን ለአሥር ስናካፍል አማካዩ 66,000 ይሆናል። ከእጥፍ በላይ! ጸሐፊው መዝገቡን ዘግቶ «የአባሎቻችን ገቢ በእጥፍ አድጓል» ብሎ ሪፖርት ቢያቀርብ አልዋሸም። ሰባቱ ነባሮች ግን አንዲት ሳንቲም አልጨመረችላቸውም። ምናልባት በፊት የማያውቁት ጭንቀት ጨምሯል።

አማካይ ያታልላል ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሌላ ቁጥር ነው፤ የመሀለኛው ሰው ገቢ። ሁሉንም ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው አሰልፎ መሀል ላይ የቆመውን መጠየቅ ነው። በእኛ እድር ሦስት ሰው ከተለወጠ በኋላም መሀለኛው አሁንም 30,000 የሚያገኘው ሰውዬ ነው። ይሄ ደህና ነው። አሁን ሌሎች ሦስት ነባሮች ይውጡ፣ ሦስት አዲሶች ይግቡ። አራት ነባር፣ ስድስት አዲስ። መሀለኛው በአንዴ 150,000 ሆኖ ቁጭ አለ። ስለዚህ መሀለኛውም የሚነግረን ሰፈሩ ውስጥ ዛሬ ማን እንዳለ እንጂ ትናንት የነበረው ምን እንደሆነ አይደለም።

ቆጠራ የቦታ ፎቶ ነው፤ የሰው ፎቶ አይደለም። አንድ ታክሲ ጠዋትና ማታ ፎቶ ብታነሱት ተሳፋሪው ሁሉ ሌላ ነው። «ተሳፋሪዎቹ በአንድ ቀን ወፈሩ» ብሎ የሚጽፍ የለም። ስለ ሰፈር ግን እንዲሁ ይጻፋል።

ሰፈሩ ድሮ የማን ነበር?

ዩ ስትሪትና ከሥሩ ያለው ሾው ሰፈር በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የጥቁር ዋሽንግተን ልብ ነበር። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከጎኑ ነው። ሃዋርድ ቲያትር በ1910፣ ሊንከን ቲያትር በ1922 ተከፈቱ። «ጥቁሩ ብሮድዌይ» ይሉት ነበር። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው።

እዚያው ጎዳና ላይ ሐኪሙም፣ ጠበቃውም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ጎረቤት ነበሩ። ፈልገው አይደለም። ሌላ ሰፈር መሄድ አይችሉም ነበር። ብዙ የዋሽንግተን ቤቶች ሰነድ ላይ «ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል ውል ተጽፎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለ ውል ማስፈጸም እንደማይችሉ ወሰነ። ከጉዳዮቹ አንዱ የተነሣው ከዩ ስትሪት ጥቂት ራቅ ብሎ ካለው ብሉሚንግዴል ነው። በ1954 የትምህርት ቤት ልዩነት ሕገ ወጥ ሆነ። በ1968 ደግሞ በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ ዘር መለየት በፌዴራል ሕግ ተከለከለ።

በሩ ሲከፈት ማን ይወጣል? አቅም ያለው። ነጮች ቀደም ብለው ወደ ከተማ ዳርቻ መውጣት ጀምረው ነበር። አሁን ጥቁሩ ሐኪምና ጠበቃም ሰፊ ግቢ ወዳለበት ሄዱ፤ ኋላም ወደ ሜሪላንዱ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ። የጽዳት ሠራተኛዋ ቀረች። የእድራችንን ሒሳብ ወደ ታች አስኬዱት። ማንም ሳይደኸይ የሰፈሩ ገቢ ወረደ። ለመብት የተደረገው ትግል ፍሬ ሲያፈራ ዩ ስትሪት ደኸየ። ይሄን ሳስበው ሁሌም ይገርመኛል።

ከዚያ በላይ የ1968ቱ ሚያዝያ መጣ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉበት ማታ ቁጣው የጀመረው ፎርቲንዝና ዩ ስትሪት የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው። በቀናት ውስጥ ከተማው ውስጥ ከ900 በላይ ሱቆች ተቃጠሉ ወይም ተጎዱ። ብዙ ባለ ሱቆች አልተመለሱም። ባዶ ቦታው ለሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ባዶ ሆኖ ቆየ። በ1980ዎቹ ክራክ ኮኬይን ተጨመረበት። በ1991 ዋሽንግተን ውስጥ ወደ 480 የሚጠጋ ሰው ተገደለ። በዚያን ጊዜ ዩ ስትሪት ላይ ቤት ገዛሁ ያለ ሰው ዘመድ ተሰብስቦ ነበር የሚመክረው።

ታዲያ ገንዘቡ ለምን እዚያ ተመለሰ?

መርካቶ መሀል ላይ ጣሪያው የሚያፈስ፣ በሩ የተከረቸመ ሱቅ አለ እንበል። ሱቁን አይቶ የሚገምት ሰው ርካሽ ዋጋ ይሰጠዋል። ቦታውን አይቶ የሚገምት ደግሞ አፉ ውኃ ይሞላል። በሁለቱ ግምት መካከል ያለው ልዩነት ነው ነጋዴ የሚጠራው። ቤቱ ባረጀ ቁጥር፣ ቦታውም ለመሀል ከተማ በቀረበ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። ዩ ስትሪት ከኋይት ሐውስ በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የጡብ ቤቶቹ ረጃጅም መስኮት ያላቸው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤቶች ናቸው። የቀረው አንድ የሚቀሰቅስ ነገር ብቻ ነበር።

የቀሰቀሰው አንድ ሳይሆን ብዙ ነው። ከንቲባ ማሪዮን ባሪ በ1986 የከተማውን ትልቅ የመንግሥት ሕንፃ ያ ቁጣ በጀመረበት ማዕዘን ላይ አስከፈቱ። የምድር ባቡሩ ጣቢያ በ1991 ተከፈተ። በነገራችን ላይ ባቡሩ ሲቆፈር መንገዱ ለዓመታት ጉድጓድ ሆኖ ስለነበር ክፉውን ዘመን ያለፉ ሱቆች በቁፋሮው ዘመን ተዘግተዋል። ከ1997 ጀምሮ ዲሲ ውስጥ የመጀመሪያ ቤቱን ለሚገዛ ሰው የፌዴራል መንግሥቱ እስከ 5,000 ዶላር ግብር ያነሣለት ነበር። በ2003 ትልቁ የስብሰባ ማዕከል ሾው ውስጥ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ከንቲባ አንቶኒ ዊሊያምስ በአሥር ዓመት 100,000 አዲስ ነዋሪ እናመጣለን አሉ።

ይህን ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማው በ1950 802,178 ሰው ነበረው። በ2000 572,059 ቀርቶ ነበር። ሰው ሲቀንስ ግብር ይቀንሳል። ከተማው በ1990ዎቹ አጋማሽ ካዝናው ስለተራቆተ ኮንግረስ ተቆጣጣሪ ቦርድ ሹሞበት ነበር። ስለዚህ ገቢ ያለው ሰው መጥራት የአንድ ሰው ሴራ ሳይሆን የባዶ ካዝና ፖሊሲ ነበር። ማንን እንደሚያስወጣ ግን ያኔ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ተሳካላቸው። በ2020 ነዋሪው 689,545 ደረሰ። የጥቁሮች ድርሻ ግን በ1970 71 በመቶ የነበረው በ2020 ወደ 41 በመቶ ወርዷል። ሾውንና አካባቢውን በሚይዘው 20001 የፖስታ ቁጥር ውስጥ ደግሞ ነጮች በ2000 ከመቶ ስድስት አይሞሉም ነበር። በ2010 አንድ ሦስተኛ ገደማ ሆኑ። አሥር ዓመት ነው።

ነባሩ ሰው ተባሮ ነው የወጣው?

ክርክሩ የሚጦፈው እዚህ ላይ ነው። በ2019 የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት ከ2000 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ዲሲ ውስጥ ከ20,000 በላይ ጥቁር ነዋሪዎች ከሰፈራቸው ተፈናቅለዋል ብሏል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ድሃ ተከራይ በየትኛውም ሰፈር ቶሎ ቶሎ እንደሚለዋወጥ፣ ዋጋ በጨመረበት ሰፈር የሚወጣው ሰው ካልጨመረበት ሰፈር ብዙም እንደማይበልጥ ያሳያሉ። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ። እኔ ግን የሚጣሉ አይመስለኝም።

ቤቱን ሁለት በር እንዳለው አድርጋችሁ አስቡት። ተከራይ ይወጣል፤ ሥራ ይቀይራል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ከአከራይ ይጣላል። መውጫው በር ድሮም ክፍት ነበር። ልዩነቱ መግቢያው ላይ ነው። ድሮ አንዷ ነርስ ረዳት ስትወጣ ሌላዋ ነርስ ረዳት ትገባ ነበር። አሁን ስትወጣ የሚገባው የሕግ ቢሮ ሠራተኛ ነው። ማንም ማንንም አልገፈተረም። በአሥር ዓመት ውስጥ ግን ሕንፃው ውስጥ አንዲት ነርስ ረዳት የለችም።

የመግቢያው በር ምን ያህል እንደጠበበ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ዲሲ ውስጥ በወር ከ800 ዶላር በታች የሚከራይ ቤት በ2002 ወደ 60,000 የሚጠጋ ነበር። በ2013 33,000 ገደማ ቀረ።

የራሱ ቤት ያለውስ? እሱ አልተጠቀመም?

ተጠቅሟል። ይሄን መካድ አይቻልም። በ1970ዎቹ በርካሽ ገዝቶ እስከ 2010ዎቹ የያዘ ሰው ልጅ ልጁን የሚያስተምር ሀብት አግኝቷል። ግን ሀብቱ ግድግዳው ውስጥ ነው ያለው፤ ካልሸጠ አይበላውም። ግብሩ ግን በየዓመቱ ጥሬ ብር ይፈልጋል።

ሒሳቡን እንየው። ዲሲ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ግብር ለአብዛኛው ቤት ከ100 ዶላር ግምት 85 ሳንቲም ነው። ግምቱ 100,000 የነበረ ቤት በዓመት 850 ዶላር ይከፍላል። ያው ቤት፣ ያው ወጥ ቤት፣ ያው የሚንቋቋ ደረጃ 800,000 ተብሎ ሲገመት 6,800 ይሆናል። በጡረታ ለሚኖር ሰው ከባድ ነው። ከተማው ማቅለያ አለው። የሚኖርበት ቤት ላይ ግብር የሚከፈልበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ አያድግም። ዕድሜው 65 የሞላና ገቢው ከተወሰነው ጣሪያ ያልበለጠ ባለቤት ግብሩ በግማሽ ይቀነስለታል። ግን ማመልከት አለበት። ሳያመለክቱ ሙሉውን ሲከፍሉ የኖሩ አረጋውያን አሉ፤ የእኛም ሰዎች ጭምር።

ቤቱ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ አያት ሲያርፉ ነው። አምስት ልጆች አሉ። አንዷ አትላንታ፣ አንዱ ሜሪላንድ። አንዱ ለአራቱ ድርሻ ከፍሎ ቤቱን ልያዝ ቢል 800,000 ዶላር የሚገመት ቤት ነው፤ አይችልም። በፖስታ ሣጥኑ ደግሞ «ቤትዎን በጥሬ ገንዘብ እንገዛለን» የሚል በእጅ የተጻፈ የሚመስል ካርድ በየሳምንቱ ይገባል። ይሸጣል። ከስድስት ወር በኋላ ግንቡ ግራጫ ተቀብቶ፣ ምድር ቤቱ ተቆፍሮ ሌላ አፓርታማ ወጥቶለት ታገኙታላችሁ።

ተከራይን የሚጠብቅ ሕግ የለም?

አለ፤ ከብዙ የአሜሪካ ከተሞች ዲሲ ይሻላል። የኪራይ ቁጥጥር አለ፤ በየዓመቱ የሚጨመረው ከዋጋ ንረቱ ላይ 2 በመቶ ተደምሮበት፣ ጣሪያም ተበጅቶለት ነው። ነገር ግን በአጭሩ ከ1976 በፊት ለተሠሩ ሕንፃዎች ነው የሚሠራው። አራትና ከዚያ በታች የሚከራይ ቤት ያለው ግለሰብ አከራይም ነፃ ነው። ስንቱ ሐበሻ የኖረበት ቤዝመንት በዚህ ቀዳዳ ይወድቃል።

ከ1980 ጀምሮ ደግሞ ቶፓ የሚባል ሕግ አለ። ሕንፃ ሲሸጥ ተከራዮቹ ከሌላው ቀድመው የመግዛት ዕድል ይሰጣቸዋል። ማኅበር አቋቁመው ሕንፃቸውን የገዙ ተከራዮች አሉ። በ2018 ግን ለአንድ ቤተሰብ የተሠሩ ቤቶች በአብዛኛው ከሕጉ ወጥተዋል።

ከሁሉም የሚያደናግረው «አፎርደብል» የሚለው ቃል ነው። አዲስ ፎቅ ሲሠራ ከፊሉ አፎርደብል ነው ይባላል። ለማን? የሚለካው በአካባቢው መሀለኛ ገቢ ነው። «አካባቢው» ሲባል ሾው እንዳይመስላችሁ። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሀብታም ካውንቲዎችን ሁሉ ያጠቃለለ ነው። በዚያ መለኪያ በ2024 ለአራት ሰው ቤተሰብ መሀለኛው ገቢ ከ150,000 ዶላር በላይ ነበር። «የዚያን 60 በመቶ ለሚያገኝ» ተብሎ የተሠራ ቤት ዓመታዊ ገቢው ወደ 90,000 ለሚጠጋ ቤተሰብ ነው ማለት ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ የፓርኪንግ ሠራተኛ ማመልከቻውን ሞልቶ «ገቢህ አይበቃም» ሲባል የሚሰማው ለዚህ ነው። ለድሃ ተሠራ የተባለ ቤት ድሃ ነህ ብሎ ሲመልሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

እኛስ በዚህ ታሪክ ውስጥ የት ነን?

ሁለቱም ቦታ።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የቀሩት ተማሪዎች፣ ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ ደግሞ በሱዳን በኩል የመጡት፣ አዳምስ ሞርጋን በሚባለው የዲሲ ሰፈር ኤይቲንዝ ስትሪት ላይ ተሰባሰቡ። ለምን እዚያ? ኪራይ ርካሽ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ያኔ ነው የበዙት። ነጩ ወጣት በእጁ መብላት የተማረው እዚያ ነው። ሰፈሩ ደመቀ። ሲደምቅ ኪራይ ወጣ። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የእኛ ነጋዴዎች ወደ ምሥራቅ ወረዱ፤ የተዘጉ ሱቆች ወደሞሉበት ዩ ስትሪትና ናይንዝ ስትሪት። መብራት አበሩ፣ እስከ ሌሊት ከፈቱ። ባዶ ጎዳና ላይ ሰው አመጡ።

በ2005 ናይንዝ ስትሪት ላይ ያለው ቦታ «ሊትል ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ሐሳብ ተነሣ። የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ። አንዳንዶቻችን ያኔ ተቀየምን። «እነሱ ጥለውት የሄዱትን እኛ አቀናነው» የሚል ወሬ ነበር። በእነሱ ዓይን ግን ይህ የጥቁሩ ብሮድዌይ መሬት ነው። ቲያትሩ፣ ባንኩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ታሪካቸው ነው። ሰው እየወጣባቸው ባለበት ሰዓት ስሙም ሊሄድ ሲል ቢያማቸው አይገርምም።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። ዲሲ ውስጥ የሱቅ ኪራይ ላይ ቁጥጥር የለም። ብዙ የምግብ ቤት ውል ደግሞ የሕንፃውን ግብርና ኢንሹራንስ ተከራዩ ላይ የሚጥል ነው። የንግድ ቤት ግብር ከመኖሪያው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ የ10 በመቶ ጣሪያም የለውም። ስለዚህ አካባቢው በተወደደ ቁጥር እንጀራ የሚሸጠው ሰው የሌላ ሰው ሕንፃ ዋጋ ስለጨመረ ይከፍላል። የቆዩትን ብትጠይቋቸው ከብዙዎቹ የምትሰሙት አንድ ነገር ነው፤ ያኔ ሕንፃውን ገዝተነዋል። ያልገዙት ውላቸው ሲያልቅ ሄዱ። ሠራተኛው፣ አስተናጋጇ፣ ታክሲ ነጂው ቀድመው ሲልቨር ስፕሪንግ ገብተው ነበር።

ሰፈሩ ከተሻሻለ ምን ይነካል?

መብራቱ በራ፣ ግድያው ቀነሰ፣ ግሮሰሪ ተከፈተ። ነባሩም ይህን ፈልጎ ነበር፤ ለዓመታት ለምኖበታል። ቅሬታው «ለምን ተሻሻለ» አይደለም። «ሲሻሻል ለምን እኔ አልኖርም» ነው።

የቀረውም ቢሆን ሌላ ነገር ይሰማዋል። ዩ ስትሪትን ለዓመታት ያጠኑት ዴሪክ ሃይራ ሰዎቹ ጎን ለጎን ቢኖሩም እንደማይቀላቀሉ ጽፈዋል። አንዱ ቡና ቤት፣ ሌላው ቸርች፤ ሰላምታም የለም። በ2015 ሾው ውስጥ የብስክሌት መስመር ሊሠመር ሲል አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን እሁድ መኪና የምናቆምበት ሊጠፋ ነው፣ ይህ የእምነት ነፃነታችንን ይነካል ብሎ ተከራከረ። አዲሱ ነዋሪ ስለ ብስክሌት ነበር የሚያወራው። ቤተ ክርስቲያኑ ስለ ሌላ ነገር ነበር የሚያወራው። ምእመኑ በመኪና የሚመጣው ሰፈሩ ውስጥ መኖር ስላልቻለ ነው።

በ2019 ደግሞ ሰቨንዝ ስትሪትና ፍሎሪዳ አቬኑ ጥግ ላይ ያለች የሞባይል መሸጫ ጎ-ጎ የሚባለውን የዲሲ ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ከ1995 ጀምራ ታሰማ ነበር። በአዲሱ ፎቅ ካሉ ነዋሪዎች የድምፅ ቅሬታ ተነሣና ዝም በይ ተባለች። ከተማው ነቅሎ ወጣ። መንገድ ዘግተው ጨፈሩ። ሙዚቃው ተመለሰ። በዓመቱ ጎ-ጎ በሕግ የከተማው ሙዚቃ ሆነ።

ቀጣዩ የት ነው?

ከዩ ስትሪት የወጣው ሐበሻ ሰፍሮ ባለበት ሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ፐርፕል ላይን የተባለ የከተማ ባቡር ከ2017 ጀምሮ እየተሠራ ነው። ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን፣ 21 ጣቢያ። በመንገዱ ላይ የሚኖረው አብዛኛው ተከራይ ስደተኛ ነው። ዩ ስትሪት ላይ ባቡር ሲመጣ የሆነውን የሚያስታውስ ሰው ከአሁኑ ይጠይቃል።

አንድ ልዩነት አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንጎምሪ ካውንቲ በ2023 የኪራይ ገደብ ሕግ አውጥቷል። ጭማሪው የዋጋ ንረቱ ላይ 3 በመቶ ተደምሮ ከሚመጣው በላይ መሄድ አይችልም፤ ሲበዛ ሲበዛ 6 በመቶ ነው። ከተሠራ 23 ዓመት ያልሞላው ሕንፃ ግን ነፃ ነው። ውል ልታድሱ ስትሉ ቢሮው ውስጥ ያለችውን ልጅ ስለ ጂም ቤቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ሕንፃው በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራ ጠይቋት።